ሦስተኛዋ ካንዴላ

ቅዳሜ 3

ዛሬ የመኪናችንን አራት ካንዴላዎች፣ ነዳጁን የሚለኩሱትን፣ በገዛ እጄ ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ይህን ደብተር ከስንት ጊዜ በኋላ ያስከፈተኝም እሱ ነው፤ ሰው ሲሳካለት መጻፍ ያምረዋል።

ነገሩ የተነሳው ምሳ ላይ ነው። ባለቤቴ፣ "መኪናዋ ዳገት ላይ ትንገጫገጫለች፤ ሰኞ ለጭምቱ እወስዳታለሁ" አለች። ጭምቱ ሰፈራችን ጥግ ላይ ያለው ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው መካኒክ ነው። ቃል ከአፉ ስለማይወጣ ስሙን ያወጡለት የክፍል ጓደኞቹ ናቸው። ሞተር ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ "መምህሩ ቤት ተቀምጦ ተማሪው ይሠራል?" አሉ። ለቀልድ ነው። አርባ ዓመት በየሰው በር ፖስታ ሲያድሉ የኖሩ ናቸው፣ ሳይቀልዱ ማለፍ አይሆንላቸውም። እኔ ግን ነገሩ ሆዴ ገባ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በቴክኒክ ትምህርት ቤት አስተምሬ፣ በገዛ ቤቴ ለካንዴላ ሰው ይጠራ?

አማቴ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ተቀመጡ። የሞተሩን ክዳን፣ ኮፈኖውን፣ ስከፍት፣ "መምህር፣ ዛሬ ጠመኔ የለም እንዴ?" አሉ። ሞተሩ ገና ትኩስ ነበር፤ እሳቸውን ከኩላሊት እጥበት ይዛ ከተመለሰች ብዙም አልቆየችም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ባለቤቴ ታመላልሳቸዋለች።

አንደኛዋና ሁለተኛዋ ሰተት ብለው ገቡ። ሦስተኛዋ ትንሽ ጠበቀችብኝ። አዲስ ካንዴላ አንዳንዴ ይጠብቃል። አራተኛዋም ሰተት።

እሁድ 4

ጠዋት አስነሳኋት። ድምፅዋ ተስተካክሏል። ባለቤቴ አንድ ዙር ነድታ መጣችና፣ "እውነትም መምህር!" አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ደስ ብሎኝ መዋል ነበረብኝ።

ማክሰኞ 6

የዛሬው ትምህርት ስለ ካንዴላ ነበር። እንዲያው አጋጣሚ ነው፣ የወሩ ዕቅድ ላይ ያለ ነው። እንደ ሁልጊዜው ክፍሉን በአንድ ድምፅ አስጮህኩት። "በእጅ እንጀምራለን፣ በመፍቻ እንጨርሳለን!" ከፊት የምትቀመጠዋ ቆፍጣና ልጅ እጇን አወጣች።

"መምህር፣ በመፍቻ ብንጀምርስ?"

"ካንዴላው የሚታሰርበትን ጥርስ ስቶ ይገባል። የሞተሩ ራስ አሉሚኒየም ነው፤ ለስላሳ ነው። አንዴ ጥርሱ ከተበላ ካንዴላውን የሚይዘው ነገር የለም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንድ ቀን ግፊቱ ያወጣዋል።"

"ሰው እያወቀ እንዲህ ያደርጋል?"

ክፍሉ ሳቀ። ደወል ተደወለ።

ዓርብ 9

ቲክ ቲክ የሚል ነገር አለ። ዳገት ላይ ነው የሚብሰው። ቫልቭ ይሆናል። ያረጀ ሞተር ቫልቩ ይንቀጫቀጫል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ባለቤቴ "ይሰማሃል?" አለችኝ። "ምኑ?" አልኳት። ሬዲዮውን ከፍ አደረግኩ።

ሰኞ 12

ባለቤቴ ዘይት ለማስቀየር ጭምቱ ጋ ወሰደቻት። ሳትነግረኝ። መንገር ነበረባት እንዴ? አልነበረባትም። ግን ብትነግረኝ ጥሩ ነበር።

ረቡዕ 14

ጭምቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቆኝ ነበር። ስለ መኪናዋ አንድ ሁለት ነገር አለኝ። ቸኩዬ ነበር። ቅዳሜ አያታለሁ አልኩት።

ስለ ሥራው ጠየቅኩት። ባለ ጋራዡ ሁለተኛ ጋራዥ ሊከፍት ነው፤ ኃላፊ የሚያደርገው እሱን ነው። በሚመጣው ወር። ይህን እንኳ ሲናገር መሬት መሬት እያየ ነው። ኮራሁበት።

ቅዳሜ 17

ቀኑን ሙሉ ፈተና ሳርም ዋልኩ። ዝናብም ነበር። መኪናዋን ሌላ ጊዜ።

ማክሰኞ 20

ይህን የምጽፈው ሁሉም ከተኙ በኋላ ነው።

ጠዋት እንደ ወትሮው የግቢውን በር ከፍቼ ሸኘኋቸው። አማቴ በመስኮቱ፣ "መምህር፣ ዛሬ በአንተ ካንዴላ ነው የምንበረው" ብለው እጃቸውን አወዛወዙ። እኔም አወዛወዝኩ።

ከሆስፒታሉ በታች ያለው ዳገት ላይ ነው የሆነው። ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ ከኮፈኖው ሥር እንደ ጥይት ያለ ነገር ጮኸ። ከዚያ ጩኸቱ አልቆም አለ፣ መኪናዋ አቅም አጥታ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። ከኋላቸው የነበረው አውቶብስ ባይቆምላቸው ኖሮ… ባለቤቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ትተወዋለች፣ አትጨርሰውም። አማቴ ደረታቸውን ይዘው "ተተኮሰብን!" ብለው ጮኹ። በዝናብ ውስጥ፣ ጃንጥላ የሌለው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ መኪናዋን ወደ ዳር ገፋላቸው። ታክሲ እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ሄደ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ተራቸውን ሌላ ሰው ይዞታል። የግማሽ ጊዜ እጥበት አግኝተው ተመለሱ።

ሦስተኛዋ ካንዴላ ተስፈንጥራ ኮፈኖውን ከውስጥ አጎድጉዳዋለች። ባለቤቴ ካንዴላዋን ከሞተሩ ሥር አንስታ በመሐረብ ጠቅልላ አመጣቻት። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻት። በካንዴላዋ ጥርስ ላይ የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ተጠምጥሟል።

"ያ ጭምቱ ነው" አለች። "ባለፈው ሳምንት የከፈታት እሱ ነው። ነካክቶ ሳያጠብቃት ትቷት ነው። አይደለም? አንተ ታውቃለህ፣ አይደለም?"

"እስኪ እናያለን" አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሙሉ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ አመሸን። "እስኪ እናያለን" ነው ያልኩት። ከአፌ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ 21

ከሥራ ስመለስ ባለቤቴ ጋራዥ ሄዳ መጥታለች። ሰው ሁሉ እየሰማ ተቆጥታለች። "አባቴን ልትገድልብኝ ነበር!" ብላዋለች። ባለ ጋራዡ ጭምቱን ጠርቶ፣ "ካንዴላውን ነክተሃል?" አለው።

"አልነካሁም። አይቻታለሁ።"

"ምን አየህ?"

"ጥርሷ እንደተበላ።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

ጭምቱ አንገቱን ደፋ። "አየኸው?" አለችኝ ባለቤቴ። "የሚለው አጣ።"

እዚያው እንደቆመ ከሞተር ሥራ አንስተውታል። አሁን ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይነቅላል፣ ጎማ ይለጥፋል።

ሐሙስ 22

የአማቴ እግር አብጧል። ጫማ አልገባ ብሏቸው በነጠላ ጫማ በታክሲ ሄዱ። ሐኪሙ፣ "ማክሰኞ ምን ሆናችሁ?" ብሎ ተቆጥቷል። በሰውነታቸው የተጠራቀመው ውሃ ወደ ሳንባ ቢሄድ ኖሮ ሌላ ነበር ነገሩ አለ።

አማቴ ነጠላ ጫማቸውን እያሳዩኝ፣ "የፖስታ ቤት ሰው እግሩ ካበጠ ጡረታው ትክክል ነው" ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ አብሬ ሳቅኩ።

እሁድ 25

ባለቤቴና አማቴ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ብቻዬን ነኝ።

ቅዳሜ 3 የጻፍኩትን መልሼ አነበብኩት። "ትንሽ ጠበቀችብኝ።" ውሸት ነው። ማንም በማያነበው ደብተር ላይ መዋሸት ምን ይባላል? ለማን ብዬ ነው?

የሆነው ይኸው። ሞተሩ ትኩስ ስለነበር ጣቴን አቃጠለኝ። ሦስተኛዋ ደግሞ ጠባብ ቦታ ናት፣ እጅ እንደ ልብ አይገባም። ጨርቅ ጠምጥሜ በእጄ ልጀምራት ስል አማቴ፣ "ምነው መምህር፣ ፈራሃት እንዴ?" አሉ። ሳቅኩና ካንዴላዋን መፍቻው ላይ ሰክቼ አንድ ላይ ከተትኳት። ገና አንድ ዙር ሳትሄድ ጠነከረች። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ተማሪዬ ቢሆን መፍቻውን ከእጁ እነጥቀው ነበር። እኔ ግን ክንዴን ጨመርኩበት። ክርር የሚል ነገር በመፍቻው በኩል መጥቶ መዳፌ ውስጥ ተሰማኝ። ብረት አሉሚኒየም ሲበላ እንዲህ ነው። የማውቀው ስሜት ነው፣ አውቄው ጨረስኩት። ከዚያ ቀና ብዬ አማቴን ፈገግ አልኩላቸው።

የረቡዕ 14ም እንዲሁ ነው። "አንድ ሁለት ነገር አለኝ" ብዬ አለፍኩ። ያለኝ እንዲህ ነው፦

"መምህር፣ ሦስተኛዋ ካንዴላ አየር ታወጣለች። ጥርሷን ስታ ነው የገባችው። ማን እንደገጠማት ስላላወቅኩ እርስዎን ሳልጠይቅ መንካት ከበደኝ።"

"እኔ ነኝ የገጠምኳት" አልኩት። ድምፄ እንዴት እንደጠነከረ አሁንም ይሰማኛል።

ፊቱ ተለዋወጠ። በእኔ ፈንታ እሱ አፈረ፤ ይህንን መርሳት አልችልም። ከዚያ በጣም ዝግ ብሎ፣ "እስክትሠራ ባይነዷት ይሻላል። ማታ እቤት መጥቼ እሠራልዎታለሁ፣ ማንም አያውቅም" አለ።

"አንተን ያስተማረህ ማን ነው?" አልኩት። "ቅዳሜ ራሴ አያታለሁ። ለባለቤቴም እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች።"

እሺ አለ። እሺ ስላለኝም ነው ባለ ጋራዡ ፊት አንገቱን የደፋው። ቅዳሜ ደግሞ ኮፈኖውን አልከፈትኩም። ከከፈትኩት ማየት ሊኖርብኝ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ግን በሩን ከፈትኩላቸው።

ከዚህ በላይ አልችልም።

ማክሰኞ 27

ልናገር ወስኜ ከሥራ በቀጥታ ጋራዥ ሄድኩ። መኪናችን እዚያ ቆማለች፤ ሌላ መካኒክ የሞተሩን ራስ አውርዶ አዲስ ጥርስ እያስገባላት ነው። ጭምቱ ከጓሮ በኩል ከጎማ ክምር አጠገብ አጎንብሷል፤ አላየኝም። ወይም አይቶኛል።

ሁለት ሠራተኞች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ።

"እኔ የዚያ የትልቁ መምህር ተማሪ ነኝ ይል አልነበር?"

"እንዲህ ከሆነ የሚያስተምረው፣ እኔ አለመማሬ በጀኝ።"

ባለ ጋራዡ ከቢሮው ወጥቶ፣ "ኧረ መምህር! ይግቡ እንጂ! በዚያ ልጅ አሳፈርንዎት" አለኝ። እንዲያውም ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔን! ዓይኔ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

"የዝናብ መጥረጊያ ፈልጌ ነበር" አልኩ።

ሁለት የመስታወት መጥረጊያ ይዤ ተመለስኩ። አሮጌዎቹ ምንም አልሆኑም ነበር።

ዓርብ 30

እራት ላይ አማቴ፣ "ያ ልጅ ግን ይናፍቀኛል" አሉ። "መኪናዋን ሲያመጣ ሁልጊዜ ደግፎ ያስገባኝ ነበር። እንዲህ ብብቴ ሥር ይዞ፣ ሳያመኝ። አንድ ቃል አይናገርም፤ እጁ ግን ይናገራል።"

ባለቤቴ፣ "አባዬ፣ ሊገድልህ ለጥቂት ነው እኮ!" አለች።

"እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?"

"መምህሩ እዚህ ተቀምጦ! እሱ ባይሆን ኖሮ ይነግረን ነበር።"

ሁለቱም አዩኝ። ውሃ ጠጣሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ሰኞ 3

ባለ ጋራዡ ለባለቤቴ፣ አቤቱታሽን በጽሑፍ ካመጣሽ ልጁን አሰናብተዋለሁ ብሏታል። የሁለተኛው ጋራዥ ነገርማ አክትሟል፤ ኃላፊነቱን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል። አሁን የቀረችው እንጀራው ናት።

"አንተ ነህ ጽሑፍ የምትችለው፤ ጻፍልኝ" አለችኝ። ሐሙስ ከሆስፒታል ስትመለስ ትሰጠዋለች።

እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግኩ። የነበረኝ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ መናገር ነው ያቃተኝ።

ጻፍኩላት። አንድ ገጽ። "ባለሙያው ጉድለቱን እያወቀ በቸልተኝነት…" ብዬ ጀመርኩ። ቆንጆ አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር በቦታው ነው። እያንዳንዷ ቃል ስለማን እንደሆነች እያወቅኩ ነው የጻፍኩት። ባለቤቴ አነበበችና፣ "እጅህ ይባረክ" አለች።

ረቡዕ 5

ተናገርኩ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከእራት በኋላ አማቴ፣ "ያን ደብዳቤ እስኪ አንብብልኝ። ስንት ዓመት ተሸክሜ ሳድል አንዱንም ከፍቼ አላነበብኩም" አሉ። ባለቤቴ አቀበለችኝ። ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። "ባለሙያው ጉድለቱን እያወቀ" የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግኩ።

"አልሰማሁም፣ ድገመው" አሉ አማቴ።

"ጉድለቱን እያወቀ…"

"ማን እያወቀ?"

ወረቀቱን አስቀመጥኩ። "እኔ" አልኩ። "እኔ እያወቅኩ።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። የተቃጠለውን ጣቴን፣ መፍቻውን፣ ክርር ያለውን፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ የተባባልነውን። አማቴ አንድም ቀልድ አልቀለዱም። የሚቀልዱት ቢያገኙ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ባለቤቴ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ልጁ አትንዷት ያለህ ማክሰኞ ሳይደርስ ነው?"

"አዎ።"

"ማክሰኞ ጠዋት በሩን የከፈትክልን አንተ ነህ።"

"አዎ።"

"እጅህንም አወዛወዝክልን።"

ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንስታ አራት ቦታ አጠፈችው፤ አልቀደደችውም። ተነስታ ከአባቷ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። ለካንዴላዋስ ይቅር ትለኝ ነበር፤ አውቃታለሁ። ያቺን እጄን ነው ይቅር የማትለኝ።

ቅዳሜ 8

ከእጥበቱ መልስ ሦስታችንም ጋራዥ ሄድን። ባለቤቴ ሠራተኞቹ ሁሉ እንዲሰበሰቡ ጠየቀች። "እኔ እሱን የሰደብኩት ሰው ፊት ነው" አለች። ደብዳቤውን ሰጠችኝና፣ "በራስህ ስም አንብበው" አለችኝ።

አነበብኩት። "ባለሙያው" የሚለው ላይ ሁሉ "እኔ" እያልኩ። የመኪና በር ተደግፌ ነው የጨረስኩት። ያ "አለመማሬ በጀኝ" ያለው ሠራተኛ ጫማውን ያያል። ባለ ጋራዡ ላቡን ጠረገና፣ "ታዲያ አንተ ልጅ ለምን አልተናገርክም?" ብሎ ጭምቱ ላይ ጮኸ።

ጭምቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "መምህር ይናገራሉ ብዬ ጠበቅኩ" አለ።

ባለቤቴ ከሰደበችው ቀን ጀምሮ ስንት ቀን እንደጠበቀ ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ ስምንት ቀን ነው።

ባለቤቴ እጁን ይዛ አለቀሰች። ባለ ጋራዡ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሞተር ሥራው እንደሚመልሰው ተናገረ። የሁለተኛውን ጋራዥ ግን ለሰው ስለሰጠሁ ልነጥቅ አልችልም አለ። ስለዚህ ያ ቀረ። እኔ ተናግሬ የመለስኩለት ግማሹን ነው፤ ግማሹ በእኔ ምክንያት ሄዷል፣ አይመለስም። ይህን ፊት ለፊት ስነግረው፣ "ይሁን መምህር" አለ። ይህቺ "ይሁን" ከስድብ ሁሉ ትብስብኛለች።

አማቴን ደግፎ ተሠርታ ያለቀችው መኪናችን ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው። ብብታቸው ሥር ይዞ፣ ሳያማቸው።

ሰኞ 10

ክፍል ውስጥ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። ያቺ ቆፍጣና ልጅ፣ ሰው እያወቀ እንዲህ ያደርጋል ወይ ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ሳይመለስ አራት ሳምንት አልፎታል። "ያደርጋል፤ እኔ አድርጌዋለሁ" አልኳት። ዛሬ ማንም አልሳቀም።

ማክሰኞ 11

ጠዋት እንደ ወትሮው በሩን ልከፍት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። አማቴ ከፊት ተቀምጠዋል፤ እብጠቱ ስለጎደለ ጫማ አድርገዋል። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳችና መልሳ አጠፋችው። ወረደች። ኮፈኖውን ከፍታ አራቱን የካንዴላ ገመዶች አንድ በአንድ በጣቷ ጫን ጫን አደረገች፣ ጎንበስ ብላም አሸተተች። ቅዳሜ ዕለት ጭምቱ አሳይቷት ነበር። እኔ በሩን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፤ ልርዳሽ አላልኳትም፣ እሷም ወደ እኔ አላየችም።

ሦስተኛዋ ላይ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ቆየች። ከዚያ ኮፈኖውን ዘጋች፣ እጇን በመሐረብ ጠረገች፣ ገብታ ነድታ ወጣች። አማቴ በመስኮቱ እጃቸውን አወዛወዙልኝ። የእኔ እጅ የበሩን መቀርቀሪያ እንደጨበጠ ቀረ።